ቦብ ፎሲ፦ ከመድረክ ወደ ፊልም የሚያሻግረውን መንገድ በኪሳራ የተማረው የዳንስ ሰው

አሜሪካዊው የዳንስ አቀናባሪና ዳይሬክተር ቦብ ፎሲ በፊልም ዳይሬክተርነት የጀመረው በውድቀት ነበር። በኒውዮርኩ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ ተወዳጅነትን ያተረፈለትን የዳንሰኞች ታሪክ ራሱ ወደ ፊልም ቢያሻግረውም፣ ሥራው ለስቱዲዮው ከባድ ኪሳራ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት ወደ ፊልም ሲለውጥ ግን በሙያው ትልቁን ክብር ተቀዳጀ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው ልዩነት የሕይወቱን ዋና ትምህርት ይዟል።

ፎሲ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1927 በቺካጎ ከተማ ተወለደ፤ ለወላጆቹ ከስድስት ልጆች አምስተኛው ነበር። በልጅነቱ ዳንስ ተማረ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜም ከእኩያው ጋር ተጣምሮ ለልጅ በማይመጥኑ የምሽት ክበቦች ሳይቀር እየጨፈረ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ያ ዓለም ከአእምሮው አልወጣም። በኋላ በሠራቸው ተውኔቶችና ፊልሞች የጭፈራ ቤቱ መብራት ምንም ያህል ቢደምቅ፣ ከጀርባው ብቸኝነትና ሐዘን ይታያል።

ከባሕር ኃይል አገልግሎት በኋላ ኒውዮርክ ገባ፤ ቀጥሎም የፊልም ኮከብ ለመሆን ወደ ሆሊውድ አቀና። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ኪስ ሚ ኬት» ፊልም ውስጥ ያቀናበረው አጭር ዳንስ የባለሙያዎችን ዓይን ሳበ፤ ተዋናይ የመሆን ምኞቱ ግን አልሰመረም። ወደ ብሮድዌይ ተመልሶ በ1954 «ዘ ፓጃማ ጌም»ን፣ በ1955 «ዳም ያንኪስ»ን በዳንስ አቀናባሪነት ሠራ፤ ሁለቱም የቶኒ ሽልማት አስገኙለት። የሚታወቅበት ስልትም በእነዚህ ዓመታት ጎልቶ ወጣ፤ የጎበጠ ትከሻ፣ ወደ ውስጥ የዞረ ጉልበት፣ ባርኔጣና ጓንት፣ እንዲሁም ከአንድ ጣት ወይም ከአንድ ትከሻ የማታልፍ ጥቃቅን እንቅስቃሴ።

እ.ኤ.አ. በ1966 «ስዊት ቻሪቲ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ለመድረክ አበቃ። መነሻው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ ፊልም ነበር። ታሪኩ በጭፈራ ቤት ከእንግዶች ጋር በክፍያ እየጨፈረች የምትኖር፣ ባመነቻቸው ወንዶች ደጋግማ የምትከዳ፣ ተስፋዋን ግን የማትጥል ሴት ታሪክ ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ባለቤቱ፣ ስመ ጥሯ ዳንሰኛ ግዌን ቨርደን ነበረች። ተውኔቱ 608 ጊዜ ታየ።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲያመጣው ዳይሬክተርነቱን ለፎሲ ሰጠው፤ ዋናው ሚና ግን በፊልም ለምትታወቀው ለሸርሊ ማክሌይን ሆነ። ቨርደን ቂም አልያዘችም፤ የራሷ የነበረውን ዳንስ ለማክሌይን በማስጠናት ባሏን አገዘች። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ፊልም ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ብቻ አስገባ።

የዳንሱ ውበት አልጎደለም ነበር። ቴአትር ተመልካች ከመቀመጫው ሆኖ የዳንሰኛውን መላ አካል ያያል፤ መድረክ መሆኑንም ስለሚያውቅ ሰው ንግግሩን አቋርጦ ቢዘፍን አይደነቅም። ካሜራ ግን ፊት ድረስ ይጠጋል፤ እውነተኛ መንገድና እውነተኛ ሕንፃ ያሳያል። በዚያ መካከል ድንገት የሚነሳ ዘፈን እንግዳ ይሆናል። ፎሲ ክፍተቱን በካሜራ ብልሃት ለመሙላት ሞከረ። ሌንሱን በድንገት አቀረበ፣ አራቀ፤ ምስሉን እንደ ፎቶግራፍ አቆመ። ብልሃቱ በበዛ ቁጥር ግን ተመልካቹ ከሴቲቱ ሐዘን ራቀ።

ከዚህ በኋላ ፊልም የሚሰጠው ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። «ካባሬ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ለፊልም ያዘጋጅ የነበረው ፕሮዲዩሰር ሳይ ፊወር ግን ዳንስን የሚያውቅ ዳይሬክተር ያስፈልጋል ብሎ ፎሲን መረጠ። ታሪኩ ናዚዎች ሥልጣን ሊይዙ በተቃረቡበት በ1931 በበርሊን የሚፈጸም ነው። ፎሲ በዚህ ጊዜ ከመድረኩ ሥራ ብዙ ቀነሰ። ገጸ ባሕርያቱ በቤታቸውና በመንገድ የሚዘፍኗቸውን ዘፈኖች አውጥቶ፣ ሙዚቃውን ዘፈን ሁልጊዜ በሚሰማበት በምሽት ክበቡ መድረክ ላይ ወሰነው። ከክበቡ ውጭ በሰዎች አንደበት እንዲዘፈን የተወው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ወጣት ናዚ በአደባባይ መዝናኛ ሲጀምረው ሕዝቡ ተነሥቶ የሚቀበለው ነው። የክበቡ ሰዎች በመድረክ ላይ እየተጫወቱ በጥፊ ሲመታቱ፣ ውጭ ናዚዎች ሰው ሲደበድቡ የሚያሳየውን ምስል እያፈራረቀ አጣመረ። መድረክ ሊያሳየው የማይችለውን ይህን ትይዩነት የፈጠረው የፊልም ኤዲቲንግ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ ስምንት የኦስካር ሽልማቶችን ወሰደ። ፎሲም «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራውን ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላን ቀድሞ ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ። በዚያው በ1973 በመድረክ ሥራ ቶኒን፣ በቴሌቪዥን ሥራ ኤሚን ጨመረበት።

ስኬቱ ዕረፍት አልሰጠውም። ከቨርደን ጋር ባይፋቱም ተለያይተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ፊልም እያቀናበረ ጎን ለጎን «ቺካጎ» የተባለውን ተውኔት ሲያዘጋጅ ልቡ ታመመ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። ይህን ሕይወቱን መነሻ አድርጎ በ1979 የሠራው «ኦል ዛት ጃዝ»፣ ሥራና ሲጋራ ወደ ሞት የሚወስዱትን የዳንስ አቀናባሪ ያሳያል። ፊልሙ በ1980 በካን ፌስቲቫል ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ፊልም ጋር ከፍተኛውን ሽልማት ተጋራ።

ፎሲ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1987 በዋሽንግተን ከተማ በልብ ሕመም በ60 ዓመቱ አረፈ። ዕለቱ «ስዊት ቻሪቲ» እንደገና ተዘጋጅቶ በዚያች ከተማ መድረክ ላይ የሚከፈትበት ነበር፤ ቨርደንም አጠገቡ ነበረች።

«ቺካጎ» ወደ ፊልም የተሻገረው ከሞቱ 15 ዓመት በኋላ፣ በ2002 በሮብ ማርሻል ዳይሬክተርነት ነው። ዘፈንና ዳንሱ በአብዛኛው በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሐሳብ ውስጥ ባለ መድረክ ላይ ይፈጸማል፤ መንገዱና ችሎቱ ለንግግር ተተወ። ለዘፈን አሳማኝ ስፍራ መፈለግ ፎሲ ከኪሳራው በኋላ በ«ካባሬ» የያዘው መንገድ ነበር። ያም ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለበትን ጨምሮ ስድስት ኦስካሮችን አገኘ።