ጆሳያ ዌጅውድና የእቶን ሙቀት

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1730 በበርስለም ተወለደ። በልጅነቱ በያዘው ፈንጣጣ የተጎዳው እግሩ በ1768 ቢቆረጥም ከሥራው አልተለየም። በዘመኑ የእቶን ሙቀት የሚገመተው በእሳቱ ቀለም ነበርና፣ ግምቱ ሲሳሳት ሸክላው ወይ ሳይበስል ይቀር፣ ወይ ይጣመም ነበር። ዌጅውድ ሸክላ በጋለ መጠን እንደሚኮማተር በማስተዋል፣ የመኮማተሩን ልክ የሙቀት መለኪያ አደረገው፤ ጥናቱንም በ1782 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቅርቦ በተከታዩ ዓመት የማኅበሩ አባል ሆነ። በ1795 ዐረፈ።

የመለኪያው አኀዞች ከእውነተኛው ሙቀት እጅግ የበለጡ መሆናቸው በኋላ ቢታወቅም፣ የእቶንን ሙቀት በመለኪያ የመቆጣጠር ሐሳቡ ጸንቷል። ለጡብ ሠሪም ትምህርቱ ያው ነው፦ በቂ ሙቀት ያላገኘ ጡብ ውሃ እየመጠጠ ይፈረፈራል፤ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የበሰለው በአብዛኛው ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይጠነክራል፤ ከልክ በላይ የጋለው ቅርጹን ያጣል።