አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የማይጻፈው ጥብቀት

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ አንድ ቀን ጧት፥ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፥ ማስታወቂያ እንዳነብ ታዘዝሁ። በወረቀቱ ላይ «ዋና መምህር» የሚል ቃል ነበረበት። እኔም ቸኩዬ «ና»ን አላልቼ ባነበብሁት ጊዜ የተከበሩት አለቃችን የውሃ ዋና አስተማሪ ሆነው ቀሩ። ጓደኞቼ ሣቁ፤ እኔ ግን እጅግ አፈርሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፥ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ይነግረናል። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋ ሰው፥ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። «ይመታል» ላልቶ መቺው፥ ጠብቆ ተመቺው ነው፤ በዳኛ ፊት ቢሳሳቱበት በዳይና ተበዳይ ቦታ ይለዋወጣሉ። የምንኖርበትን ሰፈር ስድስት ኪሎ ብለን ስንጠራ እንኳ «ድ»ን እናጠብቃለን፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም። ታዲያ ይህ ዕውቀት እንዴት እስከ እኛ ደረሰ? መልሱን ያገኘሁት በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታሪክ ውስጥ ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የሸዋ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ብዙ ዘመን ተቀመጡ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር። እኒህ መምህር፥ ኢኛስዮ ጉዊዲ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1901 በፈረንጅ አቆጣጠር ላሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የረዱት ሊቅ ናቸው። የጀመሩትንም የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ በአደራ ሰጡ።

አለቃም በራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1916 ዓ.ም. የትንቢተ ሕዝቅኤል ትርጓሜ በድሬዳዋ ታተመ፤ አደራውን ግን አልዘነጉም። ሥራው ቀላል አልነበረም። በግእዝ ሰዋስው ከስምንቱ የግስ አርእስት ሁለቱ ቀተለና ቀደሰ ናቸው። በጽሕፈት ሲታዩ ሁለቱም በሦስት የግእዝ ፊደላት የተጻፉ፥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው የመካከለኛው ፊደል መላላትና መጥበቅ ነው። ተማሪ ይህን ከመምህሩ አፍ ካልሰማ ግሱን አቅንቶ ሊያረባ አይችልም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፋቸው አልታተመም ነበር። የዕድሜ ልክ ድካም እንደ ወረቀት ክምር ተረስቶ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው፥ ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ተብሎ አዲስ አበባ ላይ እንዲታተም አደረጉ። እርሳቸውም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ፊደል ቃሉን ይይዝልናል፤ ጥብቀቱንና ልላቱን የሚያስረክበን ግን ሰው ነው። አንዱ ትውልድ ማስተማርን ወይም መስማትን ቢተው፥ መጽሐፉ በእጃችን ሳለ ንባቡ ይጠፋል። ወላጆቻችንም እቤት ስናነብ ሰምተው እንዲያርሙን እለምናለሁ። እኔም ዛሬ ማስታወቂያ ሲሰጠኝ አስቀድሜ ለመምህሬ አነብላቸዋለሁ።