የእቴጌ ምንትዋብ ስሞች፦ በዘር ቆጠራና በመሬት መዝገብ መካከል

በአውሮፓ የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሚገጥሙት እንቅፋቶች አንዱ፣ ሴት ስታገባ የአባቷን ቤተሰብ ስም ትታ የባሏን መያዟ ነው። የአንዲትን ቅድመ አያት የትውልድ ስም ለማግኘት የጋብቻና የመሬት መዛግብት ይገለጣሉ። በኢትዮጵያ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትኖር እንቅፋቱ የሌለ ይመስላል። የእቴጌ ምንትዋብ ሕይወት ግን እንቅፋቱ መልኩን ለውጦ እንደሚገኝ ያሳያል።

እቴጌዪቱ የተወለዱት በቋራ ነው። ምንትዋብ የዓለም ስማቸው፣ ወለተ ጊዮርጊስ የክርስትና ስማቸው፣ ብርሃን ሞገሳ የንግሥና ስማቸው ነበር። ከአፄ በካፋ (1721–1730፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጋር ተጋብተው ኢያሱን ወለዱ። በካፋ ሲሞቱ ወራሹ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እናቲቱ ራሳቸው ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውም በቤተ መንግሥቱ የበላይነቱን ያዙ።

እንዲህ ያለው ሥልጣን የዘር ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። ትውፊቱ እቴጌዪቱን በእናታቸው በወይዘሮ እንኮዬ በኩል ከአፄ ሚናስ (1559–1563) ዘር ይቆጥራቸዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ከፖርቱጋሎች ጋር የሚያዛምድ ወሬ ጽፏል። የመጀመሪያው ሐረግ ለዘውዱ ያስፈልግ ስለነበር፣ እንደ ተራ የቤተሰብ ትዝታ ብቻ ሊነበብ አይገባም።

በእናት በኩል መቁጠሩ በራሱ እንግዳ አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ባለ ጉዳይ ወደ አቅኚው አባት ሲቆጥር በመካከል ሴት አያቶችን ማለፉ የዘወትር ነገር ነበር። አለን ሆበን ስለ ጎጃም ርስት በ1973 ያሳተመው ጥናትም ይህንኑ ያስረዳል። ስለዚህ የአንዲት ቅድመ አያት ስም ከተረሳ የሚጠፋው ትዝታ ብቻ አልነበረም፤ በእሷ በኩል የሚጠየቀው መሬትም አብሮ ይጠፋ ነበር።

የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ነው። ስጦታው፣ ሽያጩና የምስክሮቹ ስም እዚያው ሰፍሯል። ዶናልድ ክራሚ በ1981 ባወጣው ጥናት ሴቶች በእነዚህ ሰነዶች እንደ ባለመሬት፣ ሻጭና ገዥ ሆነው እንደሚታዩ አሳይቷል። ዳሩ ግን አንዲት ሴት በክርስትና ስሟ ብቻ ከተጻፈች ማንነቷን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ወለተ ጊዮርጊስ የተባሉ ሴቶች ስንት ነበሩ! የምንትዋብን ስም ከሌሎቹ የሚለየው ማዕረጋቸውና ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። እንደ እሳቸው ደብር ያልተከለች፣ ማዕረግም የሌላት ሴት ግን በአባቷ ስም፣ በመንደሯና አብረዋት በተጻፉት ምስክሮች ካልሆነ አትታወቅም።

ለሴቶች ልጆቻቸውም ጥንቃቄው ያው ነው። ከበካፋ ሞት በኋላ ከምልምል ኢያሱ የወለዷቸው አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ በጋብቻ ከትግራይና ከጎጃም ገዥዎች ጋር ተሳስረዋል። አስቴር የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆኑ፤ ከወለተ እስራኤል ደግሞ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተወለዱ። የጎጃምን መሳፍንት ዘር በወንድ ሐረግ ብቻ የሚከተል አጥኚ ቋራን ጨርሶ አያገኛትም።

ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ። የኢዮአስ እናት ከኦሮሞ ባላባቶች ወገን የሆኑት ውቢት ናቸው፤ እሳቸውም ወለተ ቤርሳቤህ የሚል የክርስትና ስም ነበራቸው። በሁለቱ እናቶች ወገን መካከል የተነሣው ፉክክር፣ ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ከሞቱ በኋላ ገላጋይ አጣ። በ1769 ኢዮአስ በሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌዪቱም በቁስቋም ተወስነው ኖረው በ1773 አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1888 በድርቡሽ ወረራ ተቃጥሎ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ የምንትዋብ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለው አጽም ዛሬም እዚያው በአንድ ሣጥን ለጎብኚ ይታያል።