ዜና ሕይወቱ ለሰማዕት አቡነ ጴጥሮስ

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ፥ ቀድሞ መምህር ኃይለ ማርያም፥ የሰላሌ ፍቼ ተወላጅ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ወርደው ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ከአርበኞች ጋራ ቆሙ፤ በሐምሌም ወር አርበኞቹ ከተማይቱን ለማስለቀቅ ተዋግተው ሳይሳካላቸው ሲቀር ተያዙ።

የተጠየቁት ነገር በአፍ ሲነገር ጥቂት ነው፤ የኢጣልያን ገዥነት ይቀበሉ፥ አርበኞችንም ሽፍቶች ብለው ያወግዙ ዘንድ ነበር። ከመኳንንቱ አስቀድመው የገቡ ነበሩና እሺ ቢሉ ብቻቸውን ባልሆኑ ነበር። ነገር ግን የማውገዝ ሥልጣን የተሰጣቸው መንጋውን ይጠብቁበት ዘንድ እንጂ ለነጣቂ አሳልፈው ይሰጡበት ዘንድ አልነበረምና እንቢ አሉ። ይልቁንም ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዘቱ።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በሕዝብ ፊት፥ በጥይት ተደብድበው ዐረፉ።