ፍራንዝ ፋኖን፦ ከፈረንሳይ ወታደርነት እስከ አልጄሪያ የነጻነት ትግል

በቅኝ ግዛት ተወልዶ በቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት ያደገ ሰው የገዥዎቹን ጦርነት የራሱ አድርጎ ሊቀበል ይችላል። ሐኪምና ደራሲ የነበረው ፍራንዝ ፋኖንም በወጣትነቱ ይህንኑ አድርጓል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋኖን በ1925 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘውና በወቅቱ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው የማርቲኒክ ደሴት፣ በፎር ደ ፍራንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ ባለ ሱቅ ነበሩ። በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት የፈረንሳይን ታሪክ እንደ ራሳቸው ታሪክ ይማሩ ስለነበር፣ ፋኖን ራሱን እንደ ሙሉ ፈረንሳዊ እየቆጠረ አደገ። ነጻነትና እኩልነት የሚሉትን የፈረንሳይ መርሆዎችም ለእሱ ጭምር የተሰጡ ቃል ኪዳኖች አድርጎ ተቀበላቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማርቲኒክ ለጀርመን ባደረው የቪሺ መንግሥት ተወካይ ትተዳደር ነበር። ፋኖን በ1943 ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ በጀልባ ወደ ዶሚኒካ ደሴት በመሻገር፣ በጄኔራል ደ ጎል የሚመራውን የነጻ ፈረንሳይ ኃይል ለመቀላቀል ሞከረ። በ1944 በሰሜን አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ዘመተ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በምሥራቅ ፈረንሳይ ቆስሎ የጦር ሜዳ ሜዳሊያ ተሸለመ። የሽልማቱን ሰነድ የፈረመው ኮሎኔል ራውል ሳላን፣ ከዓመታት በኋላ በአልጄሪያ የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ሆኗል።

ይሁንና ፋኖን በጦሩ ውስጥ ያየው በትምህርት ቤት ከተማረው ጋር አልገጠመለትም። ወታደሮች በቆዳ ቀለማቸው ደረጃ ይሰጣቸው ነበር፤ ክረምቱ ሲቃረብም አፍሪካውያን ተዋጊዎች ከግንባር ተነስተው በነጮች ተተኩ። በ1945 ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ የዘመተበት ዓላማ እንዳሰበው ሆኖ እንዳላገኘው ገልጿል።

ከጦርነቱ በኋላ በሊዮን ከተማ ሕክምና ያጠናው ፋኖን፣ በ1952 ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። በ1953 በአልጄሪያ የብሊዳ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። በኅዳር 1954 የነጻነት ጦርነቱ ሲጀመር የፈረንሳይ መንግሥት ሠራተኛ ነበር። ወደ እሱ ለሕክምና ከሚመጡት መካከል በምርመራ ወቅት የተሠቃዩ አልጄሪያውያን ይገኙበታል፤ ሥቃዩን የፈጸሙ ፖሊሶችም እንዲሁ።

ፋኖን የበሽተኞቹ ሕመም ምንጭ ሥርዓቱ ራሱ መሆኑን ሲረዳ፣ ሰውን ከዚያ ሥርዓት ጋር እንዲስማማ አድርጎ ማከም ከሙያው ጋር እንደሚጋጭ ተገነዘበ። በ1956 መጨረሻ ለነዋሪ ሚኒስትሩ ሮቤር ላኮስት ደብዳቤ በመጻፍ ሥራውን ለቀቀ። በተከታዩ ወር ከአልጄሪያ እንዲወጣ ታዘዘ። ከዚያም ቱኒዝ ተቀምጦ ለነጻነት ግንባሩ ጋዜጣ ጻፈ፤ በ1960 ደግሞ የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ሆኖ በአክራ አገለገለ።

በደም ካንሰር እየተሠቃየ ያዘጋጀው የምድር ጎስቋሎች የተሰኘው መጽሐፍ በ1961 ታተመ። መጽሐፉ ስለ ኃይል አጠቃቀም የያዘው አቋም ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፋኖን ታኅሣሥ 6 ቀን 1961 በአሜሪካ ሜሪላንድ በሕክምና ላይ እያለ በ36 ዓመቱ አረፈ። እንደ ምኞቱም በአልጄሪያ ምድር ተቀበረ። አገሪቱ ነጻነቷን ያገኘችው ከሰባት ወራት በኋላ ነበር፤ የሠራበት የብሊዳ ሆስፒታልም በስሙ ተሰይሟል።

ፋኖንን በ1943 ለፈረንሳይ ያዘመተውና በ1956 ከፈረንሳይ አገልግሎት ያስወጣው እምነት አንድ ነው። የቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት ያስተማረውን እኩልነት ከልቡ ስላመነበት፣ ያንኑ እኩልነት የሚነፍገውን ጦርነት ማገልገል አልተቻለውም።