የማርሚታው መሐንዲስ፤ የካርሎ አባርት ሕይወትና ሥራ

ማርሚታ በኢጣልያንኛ ትልቅ የወጥ ድስት ማለት ነው። ከሞተር የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ተቀብሎ ድምፁን የሚያበርደውን የብረት ዕቃም ኢጣልያኖች በዚሁ ስም ጠሩት፤ ቃሉም ወደ አገራችን ጋራዦች ገብቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስሙ የወጥ ቤት ዕቃ ስም እንደ መሆኑ፣ ዕቃው ራሱም በመኪና አካላት መካከል እምብዛም ክብር የሚሰጠው አልነበረም። ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ ጭቃና ዝገት ሲበላው ይኖራል፤ ሲቀደድ ይበየዳል፤ ብየዳ አልይዝ ሲል ይጣላል። ይህን የተናቀ ዕቃ ገዢ በስሙ ጠርቶ የሚሻው፣ ደኅና የሚሠራውን አስወልቆ በምትኩ የሚያስገጥመው ሸቀጥ ካደረጉት ሰዎች ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ካርሎ አባርት ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ለመሐንዲስ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የአንድ መኪና ድምፅ ከሥራው የሚመነጭ ምልክት ነው ወይስ ለብቻው የሚሸጥ ጌጥ የሚለው ነው።

አባርት የተወለደው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 1908 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ ካርል ሲሆን ካርሎ የተባለው በኋላ ኢጣልያዊ ሲሆን ነው። ኮከቡ ሐሳበ ከዋክብት ዐቅራብ የሚለው ነበርና ከብዙ ዓመታት በኋላ የጊንጥን ሥዕል የድርጅቱ ዓርማ አድርጎ መረጠ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ በኢጣልያ የብስክሌትና የሞተር ብስክሌት ሻንሲ በመንደፍ ሥራ ተሰማራ፤ ወደ ኦስትሪያም ተመልሶ በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ስም አወጣ። ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥመውም፣ በሜዳ ላይ የሚጋልበውም ራሱ ስለ ነበረ፣ በሥራ ቤት ያሻሻለውን ነገር ዋጋ ወዲያውኑ በሰዓት መለኪያ የማየት ዕድል ነበረው።

በሊንዝ ከተማ የደረሰበት ከባድ አደጋ ከብቸኛ ጋላቢነት ቢያስወጣውም ከእሽቅድምድም አላራቀውም። ጎነ ሰረገላ ያለው ሞተር ብስክሌት ራሱ ነድፎ ሠራና፣ በ1934 ከቪየና እስከ ቤልጅግ ወደብ እስከ ኦስተንድ ባለው 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ዝነኛውን ፈጣን ባቡር ተወዳድሮ ቀደመ። ይህም ጉዞ ለዝና ብቻ የተደረገ አልነበረም። በሀብታም ድርጅት ያልተደገፈ ሰው በራሱ እጅ የሠራውን ዕቃ ሕዝብ እንዲያምንለት የሚያስችለው መንገድ፣ ሁሉም በሚያውቀው መለኪያ ፊት ቀርቦ መፈተን እንደ ሆነ አሳየው። አባርት ይህን ዘዴ እስከ እርጅናው አልተወውም።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ዩጎዝላቪያ ውስጥ የደረሰበት ሁለተኛ አደጋ ለረጅም ጊዜ ሐኪም ቤት አስተኛው፤ የተፎካካሪነት ዘመኑም በዚሁ አበቃ። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን በልዩብልያና ከተማ አሳልፎ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ሰሜን ኢጣልያ ወደ ሜራኖ ተሻገረ። ከፖርሸ ቤተ ሰብ ጋር የነበረው የቆየ ትውውቅ በዚህ ጊዜ ሥራ ሰጠው። ከመሐንዲሱ ከሩዶልፍ ህሩሽካ ጋር ሆኖ የፖርሸን ቢሮ፣ ፒዬሮ ዱስዮ ከተባለው ባለ ሀብትና ቺዚታልያ ከተሰኘው የእሽቅድምድም መኪና ድርጅቱ ጋር አገናኘ። ዱስዮ ግን ታላቅ የእሽቅድምድም መኪና ለማሠራት ሲል ከአቅሙ በላይ ወጪ አወጣና ድርጅቱ ወደቀ፤ እርሱም ወደ አርጀንቲና ሄደ። ለአባርት የተረፉት ጥቂት መኪናዎችና መለዋወጫዎች ነበሩ። እነዚህን መነሻ አድርጎ ማርች 31 ቀን 1949 በቦሎኛ ከአርማንዶ ስካልያሪኒ ጋር አባርትና ኩባንያው የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ የፊያት ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ቶሪኖ ተዛወረ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በኤፕሪል 10 ቀን 1950፣ የ57 ዓመቱ ታላቅ ተወዳዳሪ ታጽዮ ኑቮላሪ በፓሌርሞ አጠገብ በሞንቴ ፔሌግሪኖ ተራራ አቀበት በአባርት መኪና ተወዳድሮ በክፍሉ አንደኛ ወጣ፤ ለኑቮላሪም የመጨረሻ ውድድሩ ሆነ። ይሁን እንጂ አባርት የዱስዮን ውድቀት በቅርብ ያየ ሰው ነበርና፣ ድል የሠራተኛ ደመወዝ እንደማይከፍል ያውቅ ነበር። የእሽቅድምድሙን ወጪ የሚሸፍን፣ በብዛት የሚሠራና በርካሽ የሚሸጥ አንድ ዕቃ ያስፈልገው ነበር። የመረጠውም ዕቃ ማርሚታ ሆነ።

ምርጫው ከአንድ የሞተር ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ የማስወጫው ቫልቭ ሲከፈት በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ ግፊቱ ገና ከውጭው አየር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጋዙ ፈንድቶ ይወጣል፤ ከእርሱም ቀድሞ የግፊት ሞገድ በቧንቧው ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ይሮጣል። በጋለ ጋዝ ውስጥ ይህ ፍጥነት በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ ወደ ቧንቧው ክፍት ጫፍ ወይም ወደ ሰፊ ሥፍራ ሲደርስ ተገልብጦ፣ ማለትም ግፊቱ የወረደ ሞገድ ሆኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ለአጭር ጊዜ አብረው በሚከፈቱበት ሰዓት ይህ የተመለሰ ሞገድ ከደረሰ፣ የቀረውን የተቃጠለ ጋዝ ይስባል፤ አዲሱም አየርና ቤንዚን እንዲገባ ያግዛል። ያለ ሰዓቱ ቢደርስ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር 120 ዲግሪ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ከሺህ የሴኮንድ ክፍል 3.3 ያህሉን ነው። በዚህ ጊዜ ሞገዱ 1.67 ሜትር ይጓዛል። በዚያችው ቅጽበት ውስጥ ሄዶ እንዲመለስ ከተፈለገ እንግዲህ ቧንቧው 83 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይገባል። ያው ቧንቧ በ3,000 ዙር ጊዜ ሞገዱን ሞተሩ 60 ዲግሪ ብቻ እንደ ዞረ ይመልሰዋል፤ ሥራውም ይዛነፋል። ከዚህም የተነሣ ለሁሉ ሞተርና ለሁሉ ፍጥነት የሚስማማ አንድ የጭስ ማውጫ ሊኖር አይችልም። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ለእያንዳንዱ ሞተር ተለይቶ መሰላትና በመለኪያ መሣሪያ ላይ መፈተሽ አለበት።

ከቧንቧው ቀጥሎ ያለው ማርሚታ ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። በዘመኑ የብዙ መኪናዎች ማርሚታ በውስጡ በብረት ግድግዳ የተከፋፈለ ጎድጓዳ ዕቃ ነበር። ጋዙ ከክፍል ወደ ክፍል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጭቶ ይዳከማል፤ ነገር ግን የጋዙም መንገድ ይጠብባል። ሞተሩ ጭሱን ለመግፋት የሚያጠፋው ጉልበት ከመንኰራኵሩ ላይ የሚቀነስ ነው። አባርት የተከተለው ዘዴ መንገዱን ቀጥ ማድረግ ነበር። ብዙ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በዕቃው መካከል ሳይታጠፍ ያልፋል፤ ዙሪያውንም ከመስታወት የተፈተለ ጭረት ይከበዋል። ጋዙ በቀጥታ ሲወጣ ድምፁ በቀዳዳዎቹ ወደ ጭረቱ ይገባና በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የአባርት ድምፅ የተባለውም ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። ጭረቱ በደንብ የሚውጠው ቀጭኑንና ጯሂውን ድምፅ ሲሆን ወፍራሙን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 200 ጊዜ ያቃጥላል፤ የዚህ ምት ወፍራም ድምፅ ጩኸቱ ተጣርቶለት ይወጣል። ሰሚው የሰማው እንግዲህ ሞተሩ ሳይታነቅ ሲተነፍስ ነው። በጥቁር ሻካራ ቀለም የተቀባው ዕቃና በክሮም ያበራው የቧንቧ ጫፍ ለዓይን፣ ድምፁ ለጆሮ፣ የተገኘው ጉልበት ደግሞ ለእግር ደረሰ። ከጦርነት በወጣች ኢጣልያ ትንሽ ፊያት ለመግዛት ብዙ ዓመት ያጠራቀመ ሠራተኛ፣ የእሽቅድምድም መኪና ለመግዛት ባይችል እንኳ ከእሽቅድምድም ቤት የወጣ አንድ ዕቃ በመኪናው ሊያስገጥም ቻለ። ሀብታሞቹም አልራቁም፤ የፖርሸና የፌራሪ መኪናዎች ሳይቀሩ በአባርት ማርሚታ ተነፈሱ። በ1962 ድርጅቱ በዓመት ከ250,000 በላይ ማርሚታዎች ይሠራ ነበር፤ አብዛኞቹም ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር።

ሆኖም ማርሚታ ብቻውን ተአምር አይሠራም። የሚገባው አየር ካልጨመረ የሚወጣበትን መንገድ ማስፋት የሚሰጠው ትርፍ ጥቂት ነው። አባርትም ይህን ስለሚያውቅ ከማርሚታው ጋር አንድ ሙሉ የማሻሻያ ዕቃ በሣጥን አድርጎ ይሸጥ ነበር። በአገራችንም በታክሲነት ሲሠራ የቆየው ሰይቼንቶ፣ ማለት ፊያት 600፣ በ1955 ሲወጣ የሞተሩ ይዘት 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቱም ከ22 ፈረስ ያነሰ ነበር። አባርት የሲሊንደሩን ስፋት ከ60 ወደ 61 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑን ምት ከ56 ወደ 64 ሚሊ ሜትር አድርሶ ይዘቱን 747 አደረገው፤ ኮሎውን፣ ካርቡራቶሩንና የጭስ ማውጫውን አብሮ በመለወጥ ጉልበቱን ከ40 ፈረስ በላይ አወጣው። እያንዳንዱ ለውጥ ሌላውን ይጠይቃል፤ አንዱ ቢቀር የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

አባርት እንደ ወጣትነቱ በሕዝብ ፊት መፈተንን አላቋረጠም። በ1957 የወጣው ፊያት 500 ከ13 ፈረስ ጉልበት ስለማይበልጥ ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ፣ አባርት አንዱን አሻሽሎ በፌብሩዋሪ 1958 ወደ ሞንዛ ሜዳ ወሰደው። መኪናይቱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት፣ ማለት 168 ሰዓት፣ በአማካይ በሰዓት 108.252 ኪሎ ሜትር እየሮጠች 18,186 ኪሎ ሜትር ተጓዘችና ስድስት ዓለም አቀፍ ክብረ ወሰኖችን ሰበረች። ፊያትም በዚህ ተደስቶ አባርት በፊያት ላይ ተመሥርቶ ለሚያገኘው ድል ሽልማት ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላ የኋላ ክዳናቸው ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ተከፍቶ የሚሮጡት ትንንሽ መኪናዎቹ በአውሮፓ ሜዳዎች ከእነርሱ የሚበልጡትን ሲያሳድዱ ታዩ። በኦክቶበር 1965 አባርት ሌላ ክብረ ወሰን ለመስበር ራሱ ሊነዳ ተነሣ። የመኪናዋ መቀመጫ ለሰውነቱ ጠባብ ነበርና፣ እንደሚነገረው ፖም እየበላ 30 ኪሎ ግራም ቀንሶ ገባባት፤ በ56 ዓመቱም በሞንዛ ለድርጅቱ መቶኛ የሆነውን ክብረ ወሰን አገኘ።

የዱስዮ ዕጣ ግን በመጨረሻ ወደ እርሱም ቀረበ። የእሽቅድምድም ወጪ ከዓመት ወደ ዓመት እየናረ ሄደ፤ አባርትም በትንንሽ መኪናዎች ሳይወሰን ትልልቅ የእሽቅድምድም መኪናዎችን ለመሥራት ደከመ። ማርሚታ የሚያስገባው ገንዘብ ይህን ሁሉ የሚሸከም አልሆነም። በ1971 ድርጅቱን ለፊያት ሸጠ። ይሁን እንጂ የአባርት ሥራ ቤቱና ስሙ ተርፎ የፊያት የእሽቅድምድም ክፍል ሆነ። በዚሁ ስም የተጠራው ፊያት 131 በ1977፣ በ1978ና በ1980 የዓለም የራሊ ሻምፒዮናን አሸንፏል። አባርት ወደ ተወለደባት ወደ ቪየና ተመልሶ ኦክቶበር 24 ቀን 1979 አረፈ፤ የሦስተኛውን ድል አላየም።

ፊያት ለብዙ ዓመታት ያንቀላፋውን ስም በ2007 እንደገና አነሣው። በ2022 መጨረሻም በጊንጡ ዓርማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ለሕዝብ አሳየ። ይህ መኪና ጭስ የለውም፤ ማርሚታም የለውም። ገዢዎች የለመዱት ድምፅ እንዳይናፍቃቸው ግን የቤንዚን ሞተርን ድምፅ አስመስሎ የሚያሰማ የድምፅ ማጉያ ተገጥሞለታል። በአባርት ሥራ ቤት ድምፁ ጋዙ በቀላሉ መውጣቱን የሚናገር ምስክር ነበር፤ ከድምፁ በፊት የቧንቧው ርዝመት፣ የቫልቩ ሰዓትና የፒስተኑ ምት ተሰልተው ነበር። ዛሬም ቢሆን ማርሚታን ቀዶ ማስጮህ ለማንም ቀላል ነው፤ ሠፈርን ከመረበሽ በቀር ግን በፈረስ ጉልበቱ ላይ የሚጨምረው ነገር ላይኖር ይችላል። መኪና እንዲያሻሽል የተጠየቀ መሐንዲስ ከአባርት ሕይወት የሚወስደው ትምህርት፣ መጀመሪያ ስሌቱንና መለኪያውን ማስቀደም፣ ድምፁን ግን በመጨረሻ ማዳመጥ ነው።