ፕሮፌሰር ኦይስታይን ኦሬ፦ በጥቂት ሰው ሁሉን የመድረስ ጥያቄ

መገናኛችን በተቃረበ ቁጥር አዘጋጆቹን አንድ ነገር ያስጨንቃቸዋል። ለስንት ሰው ብንደውል ወሬው ለሁሉም ይደርሳል? የተደወለለት ሰው ለሚያውቃቸው ሁሉ ይናገር እንበል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን በሒሳብ ዓለም ስም የወጣለት ከባድ ጥያቄ ነው። ዛሬ የምንጠራበትን ስም የሰጡት ኖርዌያዊው ኦይስታይን ኦሬ ናቸው።

ኦሬ የተወለዱት በ1899 እ.ኤ.አ. በያኔዋ ክሪስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ ነው። ዶክትሬታቸውን በ1924 እዚያው አግኝተው በ1927 ወደ አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በ1929 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እስከ 1968 ጡረታቸውም ከዚያ አልወጡም። በ1934 በእሳቸው አማካሪነት ዶክትሬት ከያዙት አንዷ ግሬስ ሆፐር ናት፤ ኋላ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ፈር የቀደደችው ማለት ነው።

በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትይዝ ኦሬ ባሕር ማዶ ሆነው ዝም አላሉም፤ ለአገራቸው ሰዎች እርዳታ በማሰባሰቡ ሥራ ተሳተፉ። ለዚህም በ1947 የቅዱስ ኦላቭ ኒሻን ተሸለሙ።

የታወቁት በአልጀብራ ነበር። ወደ ግራፍ ያዘነበሉት ግን ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ሲጠጋ ነው። ሐሳቡን ፈረንሳዊው ክሎድ በርዥ በ1958 በሌላ ስም አንስቶት ነበር፤ ኦሬ በ1962 ባሳተሙት የግራፍ መጽሐፍ ገዢ ስብስብ ብለው ሰየሙት። እዚያው አንድ ውብ ውጤት አለ፤ ማንም ብቻውን ካልቀረ፣ ከግማሽ ላልበለጠ ሰው መደወል ይበቃል።

ማስረጃው አጭር ነው። አንድም ትርፍ ሰው የሌለበት የተደዋዮች ቡድን ውሰዱ። ከቡድኑ አንዱ የሚያውቃቸው ሁሉ በውስጡ ቢሆኑ ኖሮ እሱ ትርፍ ነበር፤ ወሬውን ከእነሱ ይሰማዋል፣ በእሱ በኩል ብቻ የሚደርሰውም አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተደዋይ ከቡድኑ ውጭ አንድ ወዳጅ አለው። እንግዲህ ውጭ የቀሩትም ሁሉን መድረስ ይችላሉ ማለት ነው። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ደግሞ ከግማሽ አይበልጥም።

ኦሬ በነሐሴ 1968 ጡረታ በወጡበት ዓመት ኦስሎ ውስጥ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የኮምፒውተር ሰዎች ሆነ። በ1975 ኮኬይን፣ ጉድማንና ሄደትኒሚ ዙሪያ ገጠም መንገድ ለሌለው፣ ዛፍ ለሚባለው ግራፍ ፈጣን አልጎሪዝም አገኙ። ለማንኛውም ግራፍ ትንሹን ቡድን በፍጥነት የሚያወጣ ዘዴ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በተግባር የሚሠራበት አንዱ ዘዴ ይሄ ነው፤ በየዙሩ ወሬው ላልደረሳቸው ብዙ ሰዎች የሚደርሰውን መምረጥ። ሁሌ ትንሹን ባይሰጥም፣ ከትንሹ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ወሰኑ ይታወቃል።

የኦሬ ውጤት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ማንም ብቻውን ያልቀረ እንደሆነ። ከሁሉም የተቆራረጠውን ሰው እሱ ራሱ ካልተደወለለት በቀር በማንም በኩል አናገኘውም፤ ለመደወልም አድራሻው መታወቅ አለበት። እናም ውድ የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን፣ የአድራሻ ቅጹን ስትሞሉ የራሳችሁን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ከጠፋ ሰው የቆየ የአንዱን ስልክ አክሉበት።